የዲቴክተር ኮይል ጥገና፦ የተሰነጠቀ ጆሮ፣ ያለቀ ላስቲክ፣ የተበላ ሽፋን

ኮይል በብረት መፈለጊያ ማሽን (ዲቴክተር) ዘንግ ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ ውስጡ የሽቦ ጥቅል ያለው ጠፍጣፋ አካል ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ክብ ዲዲ ኮይል ነው፤ ማለትም አንዱ የሚልክ፣ ሌላው የሚቀበል ሁለት የዲ (D) ቅርጽ ጥቅሎች ያሉት፤ ስፋቱ 11 ኢንች፣ ማለትም 28 ሳንቲሜትር ገደማ። በፐልስ ኢንዳክሽን ማሽን (አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት እየላከ የሚመለሰውን በሚያዳምጥ ዲቴክተር) ወርቅ ሲፈለግበት የቆየ ነው። ሦስት ችግር አለበት ተብሎ መጣ። ኮይሉ ከዘንጉ ጫፍ ላይ አልቆም ብሎ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። ዘንጉን ከሚይዙት ሁለት ጆሮዎች የግራው ከሥሩ ተሰንጥቋል። ባዶ መሬት ላይም ይጮኻል። አዲስ ኮይል ከውጭ ለማስመጣት የሚወስደው ጊዜና የሚጠይቀው ዶላር ስለሚታወቅ፣ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ደህና እስከሆነ ድረስ ቅርፊቱን መጠገን ያዋጣል። ሽቦው ተቆርጦ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እዚህ አንገባበትም።

ሰኞ፦ ሳይፈታ በፊት

ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት አለበት። ኮይሉ ከቤት ውጭ፣ ሚስማር በሌለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። የሲሚንቶ ወለል አይሆንም፤ ውስጡ ፌሮ አለ። ከቆርቆሮ አጥርና ከመብራት መስመር መራቅም ግድ ነው። ስልክ ከኪስ፣ ሰዓትና ቀለበት ከእጅ ይውጡ።

ማሽኑ በርቶ፣ ኮይሉ ሳይነካ፦ ዝም። በቆመበት የሚጮኽ ኮይል ብዙውን ጊዜ ወይ የውስጥ ሽቦ ችግር አለበት ወይ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ እየሰማ ነው፤ ይሄኛው ከሁለቱም ነፃ ነው። ኬብሉ ማሽኑ ላይ በሚሰካበት በኩል ሲነቃነቅ ለውጥ የለም። ወደ ኮይሉ በሚገባበት አንገቱ ላይ ሲታጠፍ ግን አልፎ አልፎ ይንጫጫል። የኮይሉ ጀርባ በጣት ሲንኳኳ ጉልህ ድምፅ ሰጠ። ከዚያ የታችኛው መከላከያ ሽፋን ወለቀና እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ዝም አለ። ስለዚህ አብዛኛው ጩኸት የሽፋኑ፣ ጥቂቱ የኬብሉ ነው። ሽፋኑ ወልቆም ሲንኳኳ የሚጮኽ ቢሆን ኖሮ ጥቅሉ ቅርፊቱ ውስጥ ላልቷል ማለት ነበር።

በሽፋኑና በኮይሉ መካከል አንድ ማንኪያ የሚሆን ጥቁር አሸዋና ቀይ የድንጋይ ዱቄት ተቀምጧል። በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት ሲጠጋው አብዛኛው ተነሥቶ ተለጠፈ። ማሽኑ የመሬቱን ማዕድን የሚያስተካክለው መሬቱ ከኮይሉ በተመሳሳይ ርቀት ላይ እንዳለ ቆጥሮ ነው። ሽፋኑ ውስጥ ያለው ዱቄት ግን ኮይሉ ድንጋይ በነካ ቁጥር ቦታውን ይቀይራል፤ ማሽኑም እንደ አዲስ ነገር ይሰማዋል። ቀይና ብረት የበዛበት አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ሽፋኑን በየቀኑ ማታ አውልቆ ቢያራግፍ ከዚህ ጩኸት ግማሹን ይገላገላል።

በቴስተር ሲለካ መላኪያው ጥቅል 0.7 ኦም አሳየ። የቴስተሩ ገመዶች ብቻቸውን ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ 0.3 ስለሚያሳዩ የኮይሉ ትክክለኛ ቁጥር 0.4 ነው። መቀበያውም አልተቆረጠም። የትኛው የሶኬት ፒን የየትኛው ጥቅል እንደሆነ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ፣ ተመሳሳይ ደህና ኮይል አጠገብ አስቀምጦ ማነጻጸር ይሻላል። ቴስተር የሚነግረው ሽቦው አለመቆረጡን ብቻ ነው። የሽቦው ሁለት ዙር ተነካክተው ቢሆን በኦም አይታወቅም፤ ለዚያ ኢንዳክታንስ (በማይክሮሄንሪ የሚለካው የጥቅሉ መግነጢሳዊ ጠባይ) የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለፐልስ ማሽን የሚሠሩ ኮይሎች በአብዛኛው 300 ማይክሮሄንሪ አካባቢ ናቸው። ከዚያ በጣም ወርዶ ከተገኘ ጆሮ መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው።

ማታ፦ የቅርፊቱ ፕላስቲክ ምን እንደሆነ ታየ። ከጆሮው ሥር በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ አሴቶን ተደርጎ በእንጨት ሲነካ ተጣበቀ፤ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ሳይለሰልስ ቢደርቅ ናይለን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሚቀጥለው የአሴቶን ሥራ ሁሉ አይሠራም። 10 ግራም የኤቢኤስ ፍርፋሪ ከአሮጌ ፕሪንተር ቅርፊት ተቆርጦ (የፕላስቲኩ ዓይነት በውስጥ በኩል ታትሞ ይገኛል) በ25 ሚሊሊትር አሴቶን የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይተካውም፤ ውኃና ዘይት አለበት። ፋይበር ግላስ የሚሸጡ ሱቆች ንጹሑን አሴቶን ይይዛሉ።

ማክሰኞ፦ ጆሮው ለምን ተሰነጠቀ

ሁሉም ሰው ጆሮው ደካማ ነው ይላል። ካሊፐሩ ሌላ ነገር ይናገራል። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ያለው ክፍተት 27 ሚሊሜትር ነው፤ የዘንጉ ጫፍ ደግሞ 22። በግራና በቀኝ የሚገቡት የላስቲክ ሮንዴላዎች አዲስ ሲሆኑ 3 ሚሊሜትር ናቸው፤ 22 ሲደመር 6፣ 28 ይሆናል። ማለትም ሮንዴላዎቹ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊሜትር ተጨምቀው ይገባሉ፤ ኮይሉን የሚያቆመውም ይኸው ጭምቀት ነው። ከዚህ ኮይል የወጡት ግን አልቀው 1.5 ሚሊሜትር ደርሰዋል። 22 ሲደመር 3፣ 25፤ ስለዚህ 2 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ አለ። ኮይሉ ሲወድቅበት ባለቤቱ ቡሎኑን በፒንሳ ያጠብቃል፤ ያ ባዶ ቦታ የሚዘጋው ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ውስጥ ሲታጠፉ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ታጠፈ እየተወዛወዘ የሚውል ፕላስቲክ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ከተቀመጡበት ለመነሣት ማሽኑን መደገፍ ደግሞ የጀመረውን ስንጥቅ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ጆሮውን ለጥፎ አሮጌውን ሮንዴላ መልሶ መግጠም ጥገና አይባልም። የላላ ኮይል ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚለካው ላስቲኩ ነው፤ ቡሎኑ መጨረሻ ይመጣል።

ስንጥቁን ስለመዝጋት። ስንጥቁ ያበቃበት ጫፍ ላይ በ2 ሚሊሜትር የትራፓኖ ጫፍ ትንሽ ጉድጓድ ተበሳ፤ ትራፓኖው ሳይሰካ፣ ጫፉ በእጅ እየተሽከረከረ። ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ አይቀጥልም። የሚበሳው ግን በጆሮው ጎን በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ታች በፍጹም። ዲዲ ኮይል ውስጥ መላኪያውና መቀበያው ጥቅል የሚደራረቡት መሐል ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ጆሮዎቹ የተተከሉት ደግሞ ልክ ከዚያ በላይ። ለማጠናከር ብለው ከጆሮው ሥር ወደ ታች በስተው ፕላስቲክ ችንካር የሚያስገቡ አሉ፤ ሽቦውን የሚያገኙት እዚያ ነው። ሞኖ ኮይል (አንድ ጥቅል ብቻ ያለው) ላይ ሽቦው ዳር ዳሩን ስለሚዞር መሐሉ ይህን ያህል አያሰጋም።

ስንጥቁ በቢላ ጫፍ በ2 ሚሊሜትር ጥልቀት ወደ ቪ ቅርጽ ተከፈተ። ሌሊቱን ያደረው የኤቢኤስ ሊጥ እንደ ማር ወፍሯል፤ ልክ ነው። ከዚያ ከቀጠነ አንድ ሁለት ግራም ፍርፋሪ መጨመር፣ ከወፈረ አሴቶን ጠብ ማድረግ። በእንጨት ስንጣሪ በስስ ተቀባ፤ 1 ሚሊሜትር ያህል፤ ሦስት ሰዓት ከደረቀ በኋላ ሁለተኛው፤ ማታ ሦስተኛው። በአንዴ ሞልቶ መተው ያሳሳታል፦ ላዩ ይደርቅና አሴቶኑ ውስጥ ታፍኖ ደህናውን ፕላስቲክ ሁሉ ለቀናት ያለሰልሰዋል።

ሱፐር ግሉ ለምን አልሆነም? ይጠነክራል እንጂ አይለጠጥም። ከላዩ ቤኪንግ ሶዳ ተነስንሶበት በሰከንዶች ድንጋይ ይሆናል፤ ለተሸረፈ ጠርዝ ግሩም ነው፤ በየቀኑ ለሚታጠፍ የጆሮ ሥር ግን እዚያው መስመር ላይ ተመልሶ ይከፈታል።

ረቡዕ፦ ሮንዴላና ቡሎን

ሊጡ 48 ሰዓት ይደርቃል፤ እስከዚያው ትንንሾቹ ዕቃዎች ተሠሩ።

ሮንዴላ፦ 3 ሚሊሜትር የላስቲክ ጋርኒሲዮን ከመለዋወጫ ሱቅ፣ የውጭ ስፋቱ 25፣ ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር። መቁረጫው ጫፉ በሞረድ የተሳለ የብረት ቱቦ ነው፤ ላስቲኩ እንጨት ላይ ተነጥፎ በመዶሻ አንድ ጊዜ ይመታል። በመቀስ የተቆረጠ ሮንዴላ ዳሩ ስለማይስተካከል በአንድ በኩል ብቻ ይይዛል። ጋርኒሲዮን ከጠፋ የጭነት መኪና ከመነዳሪ በጎሚስታ ኮላ ደራርቦ ማጣበቅ ይቻላል። ከጎማው ራሱ፣ ማለትም በረባሶ ከሚሠራበት፣ መቁረጥ ግን አይገባም፤ ብዙ ጎማ ውስጡ ቀጭን የብረት ሽቦ አለው። አንዲት ቅንጣት ሽቦ ሙሉ ቀን ታስጮኻለች።

እዚህ ላይ ለሁሉም ዕቃ የሚሠራ ደንብ አለ፦ ኮይሉ ላይ የሚገጠም ማንኛውም ነገር፣ ፕላስቲክ ቢመስልም፣ አስቀድሞ በበራ ኮይል ላይ ይተላለፋል። ላስቲክ፣ ናስትሮ፣ ቀለም፣ ማጣበቂያ፣ ሁሉም። ማጣበቂያ ከሆነ እንጨት ላይ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ።

ሮንዴላው ላይ ቅባትም ሆነ ግሪስ አይነካም። ሥራው መያዝ ነው፤ ከተንሸራተተ ቡሎን ማጥበቅ ይመለሳል።

ቡሎን፦ የድሮው የናይለን ቡሎን ጥርሱ በፒንሳ ተላልጧል። ምትክ የተገኘው ከሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ ነው፤ የሽንት ቤት መቀመጫ ክዳን የሚታሰርበት የፕላስቲክ ቡሎን ከነዳዶው። ሲገዛ ጥርሱ ሙሉ ፕላስቲክ መሆኑ ይታይ፤ አንዳንዱ ከላይ ፕላስቲክ ተለብጦ መሐሉ ብረት ነው። ርዝመቱ ተለክቶ በሴጌቶ ተቆረጠ፤ ቡሎኑ ከመቆረጡ በፊት ዳዶው ይገባለታል፤ ከተቆረጠ በኋላ ሲወጣ የተበላሸውን ጥርስ ያስተካክላል። የጆሮው ቀዳዳ 8.4፣ የአዲሱ ቡሎን ውፍረት 7.8 ሆኖ ተገኘ። ከውኃ ጠርሙስ የተቆረጠ ስስ ፕላስቲክ አንድ ዙር ሲጠቀለልበት ሞላ። ክፍተቱ ቢተው ቡሎኑ ቀዳዳውን እየመታ ሞላላ ያደርገዋል።

ናይለን ውኃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰባበራል። በበጋ፣ ቆላ ላይ፣ ሙሉ ወር ፀሐይ የመታው ቡሎን ሳይታሰብ ጭንቅላቱ ቀጭ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። አዲስ የናይለን ቡሎን ከመግጠም በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል በፈላ ውኃ መቀቀል ጥንካሬውን ይመልስለታል። የብረት ቡሎን፣ የማይዝገውም ቢሆን፣ አይታሰብም።

ሐሙስ፦ የፋይበር ግላስ ልባስ

ሊጡ በጥፍር ሲጫን አልሰረጎደም፤ የአሴቶን ሽታም የለም። ሽታ ካለ ሌላ ቀን መጠበቅ ነው፤ ከሥሩ አሴቶን እየተነነ ኢፖክሲ አይጨብጥም።

ጆሮውና ዙሪያው እስከ 4 ሳንቲሜትር በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ፣ በአልኮል ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ጣት አይነካውም። የክፍተቱን ልክ ለመጠበቅ 27 ሚሊሜትር ስፋት ያለው እንጨት በፌስታል ተጠቅልሎ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ገባ፤ ቡሎኑም ቫዝሊን ተቀብቶ በሦስቱም ቀዳዳ አለፈ። ይህ ካልተደረገ ጆሮው ሲደርቅ ሚሊሜትር ያህል ይዘምና ሙሉ ሒሳቡ ይፈርሳል። እንጨቱ ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ ሊበሳለት እንደሚገባ አይረሳ።

ኢፖክሲው በ24 ሰዓት የሚደርቀው ዓይነት ነው። ባለ 5 ደቂቃው ሲደርቅ ግትር ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይለሰልሳል። ብርማ ቀለም ያላቸው ለብረት የሚሸጡት ማጣበቂያዎች ውስጣቸው የብረት ዱቄት ስላለ ከኮይል ይራቁ። ድብልቁ በሚዛን ነው፤ ወርቅ የሚሠራ ሰው ደግሞ ጥሩ ሚዛን አያጣም። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው መጠን በክብደት ይሁን በይዘት ይነበብ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በአንድ ጊዜ ከ20 ግራም በላይ አልተደባለቀም፤ ብዙ ከሆነ ሲደርቅ የሚያወጣው ሙቀት ቅርፊቱን ይጎዳል።

መጀመሪያ ኢፖክሲ ከታልክ ፓውደር ጋር ሳይፈስ እስኪቆም ተለውሶ፣ ጆሮውና የኮይሉ ጀርባ የሚገናኙበት ማዕዘን በጣት (በጓንት) ክብ ተደርጎ ተሞላ። ጨርቅ ስለታም ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ከሥሩ አየር ይይዛል። ከዚያ ሦስት የፋይበር ግላስ ቁራጭ፤ የመጀመሪያው 25፣ ሁለተኛው 35፣ የመጨረሻው 45 ሚሊሜትር ስፋት። ከጆሮው የውጭ ጎን ወርደው ጀርባው ላይ 4 ሳንቲሜትር ይዘረጋሉ። የተለያየ ስፋት ያስፈለገው ዳራቸው አንድ ቦታ ላይ እንዳያበቃ ነው፤ አንድ ቦታ ካበቁ አዲሱ ስንጥቅ በዚያ መስመር ይወጣል። የውስጥ ጎኑ አልተነካም፤ እዚያ የሚጨመር ውፍረት ከ27ቱ ላይ ይቀነሳል። ደህናው የቀኝ ጆሮም ተመሳሳይ ሁለት ቁራጭ ተደረገለት።

ካርቦን ፋይበር ጨርቅ የተሻለ ጠንካራ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አይሆንም።

ጥላ ውስጥ ይደር። ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ለዲዲ ኮይል መጥፎ ነው፤ የሁለቱ ጥቅሎች አደራረብ በሚሊሜትር ክፋይ ተስተካክሎ የታሰረ ነው፤ ሙቀት ካላላው የሚመልሰው የለም።

ዓርብ፦ ሽፋንና ኬብል

የድሮው ሽፋን የፊት ጠርዙ ተበልቶ ቀዳዳ አውጥቷል። ለምትክ ከገበያ የተገዛ ሳፋ በቂ ነው፤ ታቹ ጠፍጣፋ፣ የታቹ የውስጥ ስፋት 28 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር። ግድግዳው 15 ሚሊሜትር ብቻ እስኪቀር በሴጌቶ ዙሪያውን ተቆረጠ፤ ዳሩ በሞረድ ለሰለሰ። ታቹ ላይ ያለው ክብ የመቆሚያ ጠርዝም በሞረድ ወርዷል፤ ካልወረደ ሣር ይይዛል። ቢጫ ጀሪካንም ይሠራል፤ ለትንሽ ኮይል። ለ28 ሳንቲሜትር ግን ጠፍጣፋ ጎኑ አይበቃም። የሁለቱም ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይቀበልም፤ ስለዚህ በማጣበቂያ ለመለጠፍ መልፋት የለም፣ ዙሪያው በናስትሮ ይታሰራል። ናስትሮው ዳር ዳሩን ሳይቋረጥ ሲዞር ዱቄት አያስገባም፣ ለማራገፍ ሲፈለግም ይላጣል። የሽፋን ውፍረት ከጥልቀት ላይ እንደሚቀነስ እያሰቡ ከ3 ሚሊሜትር የወፈረ አለመምረጥ ይሻላል።

ኬብሉ፦ አንገቱ ላይ የውጭ ልባሱ ተሰንጥቋል፣ የውስጡ ግን አልተቆረጠም፤ ቴስተሩ ድምፅ ላይ ሆኖ ሲታጠፍ አልተቋረጠም። ኬብሉ ሲታጠፍ የሚሰማው መንጫጫት የመከለያው መረብ መላላት ነው። አሲድ የሌለው ሲሊኮን ወደ ስንጥቁ ገባ፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መዳብ ይበላል። ከላዩ በሙቀት የሚጨማደድ ቱቦ 6 ሳንቲሜትር ያህል፤ ሶኬቱ ስለማያስገባ በርዝመቱ ተሰንጥቆ በናስትሮ ታሰረ። ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ቆርጦ መበየድ ያስፈልግ ነበር፤ ያኔ ርዝመቱን ብዙ ማሳጠር አይገባም፤ የኬብሉ ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ሲቀየር ማሽኑ የተስተካከለበት ልክ ይዛባል።

የኬብሉ አጠቃለል ከኮይሉ ሲነሣ በዘንጉ የላይ ጎን በኩል ይጀምራል፤ ኮይሉ ሙሉ በሙሉ እስኪታጠፍ የሚበቃ ትርፍ ይተውለታል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ላይ ጥብቅ። በአየር ላይ የሚንጠለጠል ኬብል በተወዛወዘ ቁጥር ይጮኻል። ማሰሪያው ቬልክሮ ወይም ጨርቅ ይሁን።

የሚቀጥለው ሰኞ፦ ገጠማና ሙከራ

ኢፖክሲው ከሐሙስ ወዲህ ጠንክሯል። 27ቱ እንጨት ወጣ፤ ክፍተቱ 26.9። ዘንጉ፣ ሁለቱ ሮንዴላ፣ ቡሎኑ ገቡ። ማጥበቂያው በጣት ብቻ። መለኪያው ይህ ነው፦ ዘንጉ ተነሥቶ ኮይሉ አግድም ሆኖ ይቆማል፣ በእጅ ሲጫን ግን ሳያስቸግር ይዞራል። ሲናወጥ ከወደቀ ላስቲኩ ስስ ስለሆነ ነው እንጂ ቡሎኑ ስላልጠበቀ አይደለም።

ሶኬቱ የተሰካው ማሽኑ ጠፍቶ ነው። ኮይሉ ጀርባውና ሽፋኑ ተንኳኳ፣ ኬብሉ ታጠፈ፣ ጆሮው በእጅ ተጫነ፤ ዝም። ከዚያ የአየር ሙከራ፦ ትንሽ የእርሳስ ቁራጭና የአንድ ብር ሳንቲም ከእንጨት ማስመሪያ አጠገብ ወደ ኮይሉ ይጠጋሉ፤ ባለፈው ሰኞ ሽፋኑ ወልቆ ከተለካው ርቀት ጋር ልዩነቱ ከ1 ሳንቲሜትር በታች ነው። ርቀቱ በጣም ቢወርድ ኖሮ የሚጠረጠረው መሐሉ ላይ ያለው አደራረብ ነበር። መሬት ላይ ሲሞከር ኮይሉን እንደ ልማድ እያወዛወዙ ዳሩን ሆን ብሎ ከድንጋይ ማጋጨት ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛ ላይ የማይታይ መላላት በዚያ ይወጣል።

አራት ጥንድ ትርፍ ሮንዴላና አንድ ቡሎን ተቆርጠው ከኮይሉ ጋር በፌስታል ተቀምጠዋል። 3 ሚሊሜትሩ 2.5 ሲደርስ ይቀየራል።